ሆቴል ለምትከፍቱ፣ እንግዳ ለምታስጎበኙ ልጆቼ

ከቱሪዝም ትምህርት ክፍል ተመርቃችሁ ባሕር ዳር ላይ ሥራ የምትፈልጉ፣ የቤተሰብ ቤት አስይዛችሁ ፔንሲዮን ልትሠሩ የምታስቡ፣ በጀልባ እንግዳ ይዛችሁ ገዳማቱ ወዳሉበት ወደ ዘጌ የምትሻገሩ ልጆች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ እንግዳ የሚጎርፍበት ያ የድሮው ጊዜ ይመለሳል ወይ?»

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሆቴል ቤት ነው። አልጋ ከማንጠፍ ጀምሬ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ነቢይ ግን አይደለሁም። ስለዚህ ይመለሳል፣ አይመለስም ብዬ አላታልላችሁም። የምነግራችሁ ሌላ ነው። እንግዳው መጀመሪያውኑ ለምን እንደመጣ ያላወቀ ሰው፣ ለምን እንደቀረም አይገባውም። ሳይገባውም ቀለም ይቀባል፣ ፎቅ ይጨምራል፣ ይከስራል።

ይህን ነገር በደንብ ያሳየኝ የሌላ አገር ታሪክ ነው። በሥራ ዘመኔ ስለ ሆቴል ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። ከሁሉ ያልረሳሁት አሜሪካ ውስጥ ካትስኪል ስለሚባለው ተራራማ አገር ያነበብኩትን ነው። ከኒው ዮርክ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ቢያስኬድ ነው። ለነገሩ ራስ ዳሸንን ለምናውቅ ሰዎች ተራራ ብሎ መጥራቱ ትንሽ ያስቸግራል። ትልቁ ጫፍ 1,274 ሜትር ነው። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተኛው። የእነሱ ተራራ ራስ ከእኛ ሐይቅ ዳርቻ በታች ነው ማለት ነው። ግን ስም አወጣጥ ያውቃሉ።

እዚያ ገደል አፋፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1824 ካትስኪል ማውንቴን ሃውስ የሚባል ሆቴል ተከፈተ። በረንዳው ላይ ቆመው የሃድሰንን ሸለቆ ቁልቁል ያዩታል። እንግዳው ከኒው ዮርክ በእንፋሎት መርከብ ይመጣል። ከወንዙ ዳር ደግሞ በፈረስ ሠረገላ አቀበቱን ይወጣል። ቶማስ ኮል የሚባል ወጣት ሠዓሊ በ1825 ወደዚያ ወጥቶ ተራራውን ሣለ። ሥዕሎቹ ኒው ዮርክ ላይ ተሸጡ፣ የሰውየውም የተራራውም ስም አብሮ ወጣ። ከተማው ሙቀትና ጭስ ነበረበት፣ በየጊዜው ወረርሽኝ ይገባበታል። ሀብታሙ ከዚያ ሸሽቶ ነፋሻ አየርና ያየውን ሥዕል ፍለጋ ይመጣል። ምክንያቱ ይኸው ነው።

በ1892 ከሸለቆው ወደ አፋፉ በኬብል የሚጎተት ባቡር ተሠራላቸው። በ1918 ተነቅሎ ብረቱ ተሸጠ። ባቡርና መኪና ሌላውን አገር ሁሉ ሲያቀርበው ሰው ከዚያ የራቀውን ማየት አማረው። ሆቴሉም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተዘጋ። በጥር 1963 መንግሥት ራሱ እሳት ለኮሰበት። ፈራርሶ ለሰው አደገኛ ሆኖ ነበርና።

ከዚያ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ሱሊቫን በሚባለው አውራጃ፣ ሌላ ታሪክ ነው ያለው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1877 ጆሴፍ ሴሊግማን የሚባል የታወቀ የባንክ ሰው ሳራቶጋ ወዳለ ትልቅ ሆቴል ሄደ። አይሁዳዊ ስለሆነ አናስተናግድም ብለው መለሱት። ብዙ ሆቴሎችም ይህንኑ ተከተሉ። እንግዲህ ገንዘብ ያለው፣ ማረፍ የሚፈልግ፣ በየበሩ የሚመለስ ሕዝብ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ሱሊቫን ውስጥ መሬት የገዙ አይሁዳውያን ገበሬዎች አሉ። መሬቱ ድንጋያማ ነው፣ እርሻው አላዋጣ ብሏቸዋል። ትርፍ ክፍላቸውን ለክረምት እንግዳ ማከራየት ጀመሩ። (የእነሱ ክረምት ሰኔና ሐምሌ የሚሞቅበት ወቅት መሆኑን ልብ በሉ።)

የግሮሲንገር ቤተሰብ በ1914 የጀመረው እንዲህ ነው። ያረጀ የእርሻ ቤት ነበር። እናትየው ማልካ በሃይማኖታቸው ሥርዓት ጥሩ ምግብ ትሠራለች፣ ልጇ ጄኒ እንግዳ ትቀበላለች። አበቃ፣ ሆቴሉ ይሄ ነው። ጄኒ በ1972 ስትሞት ግን ያ የእርሻ ቤት 35 ሕንፃ ሆኗል። በዓመት 150,000 እንግዳ ያስተናግዳል። የራሱ ፖስታ ቤት፣ የራሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረው። በ1952 በማሽን በረዶ እየሠሩ ሰው በበረዶ ላይ እንዲንሸራተት አደረጉ፤ በመዝናኛ ቦታ እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው ይባላል። በአካባቢው ከ500 በላይ ሆቴል የነበረበት ጊዜ አለ። አሜሪካንን በሳቅ ያፈረሱት ቀልደኞች፣ እነ ጄሪ ሉዊስና ሜል ብሩክስ፣ የተፈተኑት እዚያ መድረክ ላይ ነው።

ከዚያ ምን መጣ? ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ጦርነት አልመጣም፣ በሽታ አልገባም፣ አገልግሎቱም አልተበላሸም። የእንግዳው ኑሮ ነው የተሻሻለው።

ቀዝቃዛ አየር የሚሰጥ ማሽን በየቤቱ ገባ። እንግዲህ ሙቀት ሸሽቶ ተራራ መውጣት ለምን ያስፈልጋል? ጄት አውሮፕላን መጣ። ፍሎሪዳ በሰዓታት የሚደረስበት ሆነ። ቀልደኞቹን ቴሌቪዥን ወሰዳቸው፤ ሳሎን ቁጭ ብሎ በነፃ መሳቅ ተቻለ። በ1964 ደግሞ በዘርና በሃይማኖት ከሆቴል መመለስ በሕግ ተከለከለ። የትም መግባት የሚችል ሰው የግድ ሱሊቫን አይሄድም። ልጆቹም አባትና እናታቸው ያረፉበት ቦታ ማረፍ አላማራቸውም። ከእነዚህ ውስጥ ክፉ ነገር አንድም የለም። የሕጉ መውጣት እንዲያውም እልል የሚያሰኝ ነው። ግን የሆቴሎቹ እንጀራ የቆመው በዚያ በደል ላይ ነበር። በደሉ ሲቀር እንጀራውም ቀረ።

ባለሆቴሎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ግንባታ። አንዱ የቤት ውስጥ መዋኛ ሲሠራ ሌላው የበለጠ ይሠራል። አንዱ የጎልፍ ሜዳ ሲያስነጥፍ ጎረቤቱ ሁለት። ኮንኮርድ የሚባለው ከ1,500 በላይ ክፍል ነበረው። በ1998 ተዘጋ። ግሮሲንገር በ1986 ተዘግቶ ነበር። በኋላ የወጡትን የመዋኛውን ፎቶዎች አይቻለሁ። የመስተዋቱ ጣሪያ ተሰባብሯል። በወለሉ ሸክላ መካከል ፈርን የሚባለው ቅጠል በቅሎ ገንዳውን ከቦታል። የመዝናኛ ወንበሮቹ እንደተዘረጉ ናቸው። እንደ ሆቴል ሰው ያን ወንበር ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ይሄን ማን ሳያነሳ ሄደ?» የሚል ነበር። ሙያ ክፉ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

የእኛም ጎብኚ ምክንያት ነበረው። ሀብተሥላሴ ታፈሰ በንጉሡ ዘመን የቱሪዝም ድርጅቱን አቋቁመው «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» ብለው አገሪቱን ሲያስተዋውቁ፣ ባሕር ዳር የሰሜኑ መስመር መግቢያ ሆነች። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ። እንግዳው ለሕንፃችን ብሎ አልመጣም። ሦስት ነገር ፈልጎ መጣ። ሐይቁን፣ ገዳማቱን፣ ጢስ ዓባይን። ሦስቱም የሆቴል ንብረት አይደሉም። አንዱንም እኛ አልሠራነውም። ሥራ አስኪያጅ ሳለሁ ይህን ስናገር ባለሀብቶች ፊታቸው ይቀያየር ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ከጢስ ዓባይ ልጀምር። የድሮዋን የአንድ ብር ኖት የሚያስታውስ ካለ ፏፏቴው ጀርባዋ ላይ ነበር። ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ክረምት ሞልቶ ሲወርድ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር፣ ከፍታው 45 ሜትር ይጠጋል። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠራ፣ የሚወስደው ውኃ ብዙም አልነበረም። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ፣ ጨረጨራ ላይ፣ ውኃውን የሚቆጣጠር ግድብ ቆመ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ መጣ። 460 ሜጋ ዋት ነው። እሱ ውኃውን በሐይቁ ምዕራብ በኩል በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ይወስደዋል። ያ ውኃ ፏፏቴውን አያየውም።

መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ ጨለማ ውስጥ ልጅ ያሳደገች እናት ትጠይቅልኝ። ጥፋተኛ እየፈለግሁ አይደለም። ነገር ግን ጥር ላይ፣ ጥምቀትን ብሎ የመጣ እንግዳ ይዤ እዚያ ሄጄ አውቃለሁ። ገደሉ ደርቆ ጥቁሩ ድንጋይ ተገልጧል። በአንድ ጥግ ብቻ ቀጭን ውኃ ይወርዳል። ሰውየው ከቦርሳው ብሮሹር አወጣ። ከፍ አድርጎ ከገደሉ ጋር አስተያየው። አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ ድንጋዩን ያያል። አስጎብኚው መሬት መሬቱን ያያል። ነጠላና ቅል ይዘው የሚከተሉን ልጆችም ዝም አሉ።

ስለዚህ እናንተ እንግዳ ከመነሳቱ በፊት እውነቱን ንገሩት። «አሁን ውኃው ትንሽ ነው። ግን መንገዱ ጥሩ ነው፣ የአላታን ድልድይ እናያለን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው» በሉት። እንዲህ የተነገረው ሰው ደስ ብሎት ይመለሳል። ደግሞ ፏፏቴው የሚያምረው ነሐሴና መስከረም ነው። ፈረንጁ ዝናብ ፈርቶ የማይመጣበት ጊዜ። የአገራችን ሰው ግን ዝናብ አይፈራም። ለእንቁጣጣሽ ዕረፍት ከአዲስ አበባ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ጢስ ዓባይን በሙሉ ግርማው ያየዋል። ይህን ለመሸጥ ማንን ትጠብቃላችሁ?

ስለ ገዳማቱ ብዙ አልልም፣ ከእኔ በላይ የሚያውቁ አባቶች አሉ። አንድ ነገር ብቻ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ለማየት የሚመጣ እንግዳ፣ ሥዕሉን ብቻ አይደለም የሚያየው። ጸሎት ያልተቋረጠበት ቤት ነው የሚያየው። መነኮሳቱ የሆቴል ሠራተኛ አይደሉም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፤ እንግዳ ስታስመዘግቡ ተናገሩ እንጂ ደሴቱ ላይ ካደረሳችሁ በኋላ አታሳፍሩ። የዘጌ ደን ዛሬም ያለው በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ክልክል ስለሆነ ነው። ሕዝቡ በቡና ይኖራል። ያን ጥላ ያቆየው ሥርዓቱ እንጂ የቱሪዝም ዕቅድ አይደለም። እናንተ አትንኩት፣ ይበቃል።

ሐይቁ ግን ያሳስበኛል። እምቦጭ የሚባለውን የውኃ አረም ታውቃላችሁ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው። በብዛት የያዘው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ነው፣ የደንቢያና የፎገራን በኩል። ባሕር ዳር ሎጅ ውስጥ ቡና እየጠጣ «እኛ ጋ የለም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሐይቅ አጥር አለው እንዴ? አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። አንዲት ቱሪስት ጀልባ አስቁማ ፎቶ ስታነሳው አይቻለሁ። ግንዱን ብትቆርጡት ውስጡ አየር የያዘ፣ እንደ ስፖንጅ የላላ ነው፤ የሚንሳፈፈው ለዚያ ነው። ጀልባው ሞተር ላይ ሲጠመጠም ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍቶ፣ አጎንብሶ፣ በቢላ እየቆረጠ ነው የሚያወጣው። ገበሬው ደግሞ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅለዋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ጥሩ ነው። አረሙ ግን ምዝገባ አያነብም።

ዓሣውም እንደዚሁ። ነጭ ዓሣ የምንለው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለመራባት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። እንቁላል የያዘውን ዓሣ ከነእንቁላሉ ያወጡታል። ሼፍ የምትሆኑ ልጆች፣ እዚህ ላይ ሥልጣን አላችሁ። በዚያ ወቅት ከዚያ የመጣ ዓሣ አንገዛም በሉ። ሜኑ ላይ ያለው ሁሉ በየቀኑ መኖር አለበት ያለው ማነው? «ዛሬ ነጭ ዓሣ የለም፣ እየወለደ ነው» ብሎ ለእንግዳ መንገር ነውር አይደለም። እኔ ያስተናገድኳቸው እንግዶች ይህ ሲነገራቸው ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ተጨማሪ ይጠይቁ ነበር። ቆረሶ የሚባለውን ሌላውን ዓሣ ጥብስም በደስታ ይበላሉ።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር። ባሕር ዳር ላይ ብዙ ሆቴል የተሠራው ለጎብኚ አይደለም። ለወርክሾፕ ነው። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ የሻይ ዕረፍት፣ አበል። ለዓመታት ጥሩ ገንዘብ አመጣ፣ አልክድም፤ እኔም ደሞዜን በልቼበታለሁ። ግን የወርክሾፕ እንግዳ ሐይቁን በመስኮት ነው የሚያየው። የሚመጣው በጀት ስላለ ነው። በጀቱ ሲታጠፍ አይደውልም። ኮሮና ሲመጣ አየነው፣ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር አየነው፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭቱ ክልላችን ሲገባ ደግሞ የባሰውን አየን። ሰላም ሲጠፋ የትኛውም እንግዳ አይመጣም፣ ይህ ለማንም አይሰወርም። እኔ የምለው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ሰላም ሲወርድ ቀድሞ የሚመለሰው ምክንያቱ ያልጠፋበት እንግዳ ነው። ደርግ ሲወድቅ ያየሁት ይህንን ነው። ለገዳሙ ብሎ የሚመጣው ቀድሞ መጣ። ተሳላሚውማ ጭራሽ አልቀረም ነበር፤ በጀልባ ተጨናንቆ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ በየንግሡ ይሻገር ነበር። እኛ ሆቴሎች ግን እንደ እንግዳ አልቆጠርነውም። ለእሱ የሚሆን ንጹሕና ርካሽ አልጋ፣ በሌሊትም የጾም ምግብ የሚያቀርብ ልጅ ካለ ገበያው ሰፊ ነው።

ብድር ወስዳችሁ ፎቅ ልትሠሩ ያሰባችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ጎረቤት የሠራውን አትድገሙ። ያው መስተዋት፣ ያው ሶፋ፣ ያው «ኢንተርናሽናል» የሚል ስም። ማልካ ግሮሲንገር እንግዳ የሳበችው በወጥዋ ነው። ኮንኮርድን 1,500 ክፍል አላዳነውም። ሐይቁን የማያሳይ ሆቴል ባሕር ዳር ላይ መሥራት ምን ይባላል? ደግሞ ዳርቻውን አጥሮ ለራስ ብቻ ማድረግ ሌላው ጉድ ነው። የከተማው ሰው የማይደርስበትን ሐይቅ ሰው እንደራሱ አይጠብቀውም።

ተቀጥራችሁ ለምትሠሩት ደግሞ ከካትስኪል አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ሆቴሎች ውስጥ በየክረምቱ ያስተናግዱ የነበሩት በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። በቲፕ ትምህርታቸውን ከፍለው ሐኪምም ጠበቃም የሆኑ ብዙ ናቸው። ዊልት ቻምበርሌይን፣ ያ ኋላ በቅርጫት ኳስ ስሙ የገነነው ረጅም ሰው፣ በ1954 ኩትሸርስ በሚባለው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ነበር። ሆቴሎቹ ወደቁ፣ ልጆቹ አልወደቁም። እናንተም ሥራችሁን ከአንድ ሕንፃ ጋር አታጋቡት። ቋንቋ ተማሩ። የወጥ ቤት ሒሳብ ተማሩ፣ አንድ ሰሃን ምን ያህል እንደሚያስወጣ ሳያውቅ የሚያበስል ሼፍ ሞልቷል። የወፍ ስም ተማሩ። ወፍ ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ትዕግሥቱም ገንዘቡም አለው።

ነገ ሥራ የምትጀምሩ ካላችሁ ደግሞ ይህን አድርጉልኝ። አንድ ደብተር ግዙ። ለምታገኙት እንግዳ ሁሉ፣ ፈረንጅም ይሁን ከደብረ ታቦር የመጣ ሙሽራ፣ ሒሳብ ሲከፍል ለምን እንደመጣ ጠይቁት። ማን እንደነገረው፣ ምን አይቶ ደስ እንዳለው፣ ምን እንዳበሳጨው። እሱ ባለው ቃል ጻፉት፣ አታሳምሩት። ከጥምቀት እስከ ጥምቀት ያዙት። አለቃችሁ ካልጠየቃችሁ አትስጡት፤ የራሳችሁን ስትከፍቱ ከባንኩ ወረቀት ቀድማችሁ የምታነቡት እሱን ነው።